የጤና ኢንፎርማቲክስ ዕውቅና በሰነድ ብዛት አይገኝም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የጤና ኢንፎርማቲክስ (የጤና መረጃን በቴክኖሎጂ የማደራጀትና የመጠቀም ሙያ) የዲግሪ ፕሮግራምን ለዕውቅና ማዘጋጀት ሲነሣ ውይይቱ ቶሎ ወደ ሰነድ ማሟላት ያደላል፤ ለእኔ ግን አስቸጋሪው ሥራ ሥርዓተ ትምህርቱን ከብቃት መለኪያዎች ጋር ማናበብ ነው። የአሜሪካ የሕክምና ኢንፎርማቲክስ ማኅበር ለሁለተኛ ዲግሪ ያወጣቸው 10 መሠረታዊ የብቃት ዘርፎች ጤናን፣ የኢንፎርሜሽን ሳይንስንና ማኅበራዊ ሳይንስን አጣምረው ስለሚይዙ፣ የኮምፒውተር ኮርሶችን ከጥቂት የሕክምና ቃላት ጋር መደርደር (የተለመደ አቋራጭ ቢሆንም) አያዋጣም። እያንዳንዱ ብቃት በየትኛው ኮርስ እንደሚሰጥና በምን ፈተና ወይም ፕሮጀክት እንደሚመዘን በግልጽ መታየት አለበት። ፕሮግራሙ ለዕውቅና ሲዘጋጅ ስለ ራሱ የሚያቀርበውን የግለ ግምገማ ሪፖርት አንድ አስተባባሪ ብቻውን ከሚጽፈው ይልቅ ሐኪሞች፣ የሶፍትዌር መምህራን፣ ተመራቂዎችና ቀጣሪዎች ቢሳተፉበት፣ ገምጋሚዎች ለጉብኝት ሲመጡ የመምህሩ ቃልና ሰነዱ አይጋጩም። የተግባር ልምምድ ስምምነቶችም አስቀድመው ይፈረሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ