ለአርሰናል ያለቀስነው አገራችንን ንቀን አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ገጻችሁ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። አርሰናል ከአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ሲወድቅ ስላለቀሱ የአገራችን ወጣቶች የተጻፈውን ማለቴ ነው። ጸሐፊው ልጆቹን የራሳቸውን ንቀው የሰው የሚያመልኩ አድርጎ ነው ያቀረባቸው። እኔ ወጣት አይደለሁም፤ የልጆች አባት ነኝ። ግን ከሚያለቅሱት ጋር አብሬ ተቀምጬ ነበር። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሚያዝያ 29 ማታ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ አንድ ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ነበርኩ። ጨዋታው የሚጀምረው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ ሰዉ ግን ከ2 ሰዓት ጀምሮ ቦታ ይዟል። የድሬን የሚያዝያ ሙቀት የማያውቅ ሰው ያን ቤት ሊገምተው አይችልም። ቬንቲሌተሩ የሚያዞረው ያንኑ ትኩስ አየር ነው። ቢሆንም የሚወጣ የለም። ከወር በፊት፣ መጋቢት 30፣ በዚሁ ቤት ሪያል ማድሪድን 3 ለ 0 ስናሸንፍ አይተናል። ዴክላን ራይስ ሁለቱን ቅጣት ምቶች ሲያገባ አንድ የማላውቀው ሰው አቅፎ ከወንበሬ አንስቶኛል። ከዚያ ምሽት በኋላ ተስፋ አታድርጉ ቢባል ማን ይሰማል?

ወደ ፓሪስ የሄድነው በግማሽ ፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ለንደን ላይ በፓሪስ ሴንት ዠርማን 1 ለ 0 ተሸንፈን ነው። ዴምቤሌ ገና በ4ኛው ደቂቃ ባስቆጠራት ጎል። ፓሪስ ላይ መጀመሪያ አካባቢ ጨዋታው የእኛ ነበር። የእነሱ በረኛ ዶናሩማ ግን ይገባሉ ያልናቸውን ኳሶች አወጣ። ከዚያ ፋቢያን ሩዊዝ ለፓሪስ አገባ። በረኛችን ራያ ፍጹም ቅጣት ምት ሲያድን ቤቱ እንደገና ነፍስ ዘራ፤ ወዲያው ሃኪሚ ሁለተኛውን አስቆጠረ። ሳካ አንድ ሲመልስ ሁላችንም ቆምን። ትንሽ ቆይቶ እዚያው ሳካ ከግቡ አፍ ላይ ያገኛትን ኳስ ወደ ሰማይ ሰደዳት።

አጠገቤ የነበረው ልጅ መጋላ ገበያ ዕቃ የሚያወርድ ነው። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ተሸክሞ ውሎ፣ የመግቢያውን ከዕለት ገቢው ቆርጦ ነው የመጣው። ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። "አቦ፣ ለሚቀጥለው ዓመት" አለው ጓደኛው። መልስ አልሰጠውም። ጽሑፋችሁ የወቀሰው ይህን ልጅ ነው።

ሊግ ሌላ ነው። ዛሬ ብትሸነፍ በሳምንቱ ትመለሳለህ። ጥሎ ማለፍ ግን ምሕረት የለውም። ዓመት የለፋህበት በአንድ ምሽት ያልቃል። ደጋፊን የሚስበውም ይኸው ነው። ከሥራ ደክሞ የመጣ ሰው እንቅልፉን ትቶ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቀመጠው ያን ስሜት ፈልጎ ነው። ታዲያ በራሳችን ቡድን ያን ስሜት የምናገኝበት ዕድል መቼ ተሰጠን?

አንድ ጊዜ ተሰጥቶን ነበር። ሰኔ 9 ቀን 2005 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ የድሬ ባጃጆች ጥሩምባ እስከ ሌሊት አልቆመም። ቀጥሎ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ቦትስዋናን ባሸነፍንበት ጨዋታ በቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች ተሰልፎ ስለነበር ነው። ዝርዝሩን ያላየው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እንዲያም ሆኖ መካከለኛው አፍሪካን ብራዛቪል ላይ አሸንፈን ምድባችንን በአንደኝነት ጨረስን። በብራዚሉ የዓለም ዋንጫና በእኛ መካከል የቀረችው ናይጄሪያ ብቻ ነበረች። ደርሶ መልስ፣ ከዚያ ዓለም ዋንጫ!

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. እሁድ ነው። በኃይሉ አሰፋ ሲያገባ የነበርኩበት ቤት ጣሪያው የሚነሳ መሰለኝ። ሴቶች እልል አሉ። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ተቃቀፉ። የናይጄሪያው ኢመኒኬ አቻ አደረገ። በ90ኛው ደቂቃ ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ጨመረ። ኅዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ ብራዚል ቀረች። ያን ቀን ድሬ ውስጥ ያላዘነ ሰው አላየሁም። እኔም አልቅሻለሁ። ማንም ሰው ግን ለምን አለቀሳችሁ ብሎ በጋዜጣ አልወቀሰንም። ከዚያ ወዲህ ለዓለም ዋንጫ ያን ያህል ቀርበን አናውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ጸሐፊው የራሳችሁን ደግፉ ይላል። እሺ፤ የት ሄደን? ከኅዳር 2014 ጀምሮ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ ሲጫወት የቆየው በሰው አገር ነው። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት አላሟሉም ተብሎ። ጋናን ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፍን። በዚያው ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የተጫወተችውን ግብጽን! ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ይህ ሁሉ የሆነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። በዕድሜዬ ካየኋቸው የብሔራዊ ቡድናችን ድሎች ትልቁን ያየሁት በቴሌቪዥን ነው፤ "የሜዳችን ጨዋታ" እየተባለ። ያን ዕለት ድሬ ስታዲየም ቢሆን ኖሮ ያ የመጋላ ልጅ በእግሩ ሄዶ ይገባ ነበር። ዛሬ የሚያለቅሰውም ለሌላ ቡድን ይሆን ነበር።

ድሬ ስታዲየም ያልኩት በከንቱ አይደለም። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አገራችን ሲዘጋጅ አንዱ ምድብ እዚህ ነበር። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር (የዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) ድሬዳዋ ላይ ተጫውተዋል። አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ከሥራ ወጥቶ ከእነ ቱታው ነው የገባው። ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ዛየር አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ከድሬ ተሰናብታ ሄደች። ናይጄሪያ 4 ለ 2 ስትረታት ያየውን እስኪያረጅ ድረስ ይተርክልን ነበር። ሞሮኮ ደግሞ ከዚህ ተነስታ ዋንጫውን ወሰደች። አባቴ የአፍሪካን ታላላቅ ቡድኖች በከተማው አየ። እኔ፣ ልጁ፣ የራሴን ብሔራዊ ቡድን እንዲህ ባለ ትልቅ ውድድር በከተማዬ ማየት አልቻልኩም። ልጆቼ ደግሞ ጭራሽ ይህ ነገር ይቻል እንደነበር የሚያምኑት በግድ ነው።

ደቻቱ ወንዝ ላይ ውሃ በሌለበት ወቅት ብትመጡ አሸዋው ላይ በባዶ እግራቸው የሚጫወቱ ልጆች ታያላችሁ። (ክረምት ሲሆን እናቶች ይጠሯቸዋል። የ1998ቱን ጎርፍ ማንም አልረሳም።) አንዱ የአርሰናል ማሊያ ለብሷል፣ አንዱ የማንችስተር። የድሬዳዋ ከተማን ማሊያ የለበሰም አይጠፋም። ኳስ መውደድ እነሱ ዘንድ አልጎደለም። የጎደለው ወደ እነሱ የሚመጣ ጨዋታ ነው።

ስለዚህ ከጋዜጣችሁ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ደጋፊውን ከመምከር ይልቅ የስታዲየሞቻችንን ጉዳይ ያዙልን። ካፍ የጠየቀው ምንድን ነው? የተጫዋቾች መልበሻ ክፍል ነው? መብራት ነው? ወንበር ነው? ሣሩ ነው? የቱ ተሠራ፣ የቱ ቀረ? ጋዜጠኛ ልካችሁ በዓይኑ አይቶ ይጻፍልን። አንድ ጊዜ ጽፋችሁ አትተዉት፤ በየወሩ ተመልሳችሁ ጠይቁ። የሻምፒዮንስ ሊግን ውጤት ሁላችንም በስልካችን እናገኘዋለን። ይህን ግን እናንተ ካልነገራችሁን የሚነግረን የለም።

ደብዳቤዬ ረዝሞ ቦታ ካጣችሁለት የፈለጋችሁትን ቆርጣችሁ ይህችን ብቻ አትሙልኝ፦ ድሬዳዋ ስታዲየም ብሔራዊ ቡድናችንን ለማስተናገድ ምን ይቀረዋል? የቀረውስ መቼ ያልቃል?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ
ግንቦት 2017 ዓ.ም.