የመከታን ነገር ልንገርህ

ውድ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜያችን! ስልኩም ከበዓል እስከ በዓል ሆነ፣ እሱም «እንኳን አደረሰህ» ተባብሎ መዝጋት። ዛሬ ግን የምልህ ስላለኝ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ነው።

ሰሞኑን ለከብት ክትባት ከፍኖተ ሰላም ወደ እናንተ አገር ወርጄ እማማን አየኋቸው። ብርቱ ናቸው። ጠላ ቀድተው፣ ቆሎ አቅርበው ስለ አንተ ሲጠይቁኝ ዋሉ። እያወራን ውሻችሁ መከታ ከጎተራው ሥር ወጣ። ወገቡን በጥርሱ ይነክሳል፣ መቀመጫውን መሬት ለመሬት ይጎትታል። ጅራቱን ሳነሳ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ነጭ ነገር ይንቀሳቀሳል። የደረቀው ጸጉሩ ላይ ተጣብቆ ሰሊጥ መስሏል። ጸጉሩን ገለጥ ባደርገው ደግሞ ቁንጫው ይርመሰመሳል።

እማማ «ኮሶ ነው፣ ጥሬ ሥጋ በልቶ ይሆናል» አሉኝ። የሰው ኮሶ እውነትም ከጥሬ የከብት ሥጋ ይመጣል። የመከታ ግን ሌላ ነው፤ ያመጣበት ቁንጫው ነው። የትሉ እንቁላል አቧራው ላይ ይወድቃል፣ የቁንጫ እጭ ይበላዋል። እጩ ቁንጫ ሲሆን ትሉም ሆዱ ውስጥ አብሮት ያድጋል። ውሻው ሲያሳክከው ያንን ቁንጫ ነክሶ ይውጠዋል። በ3 ሳምንት ገደማ ያ ሩዝ የሚመስለው የትሉ ቁራጭ መውጣት ይጀምራል።

ስለዚህ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። ትሉን የሚገድለው ፕራዚኳንቴል ነው፣ ሰው ለቢልሃርዚያ የሚወስደው። ለበግ የምንሰጠው አልቤንዳዞል ለዚህ ትል አይሆንም። ቁንጫው ካልጠፋ ግን ትሉ ወር ሳይሞላ ይመለሳል። አብዛኛው ቁንጫ ደግሞ ውሻው ላይ አይደለም። እንቁላሉና እጩ መኝታው ላይና ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ጎተራው ሥር ያለው አሮጌ ጆንያ ይቃጠል። ቦታው ተጠርጎ ፀሐይ ይግባበት፣ እጩ ድርቀት አይችልም። ስንጥቁም ይለቅለቅ። አደራ፣ የሰብል ተባይ መድኃኒት ውሻው ላይ እንዳይረጩበት! ይልሰውና ይሞታል፤ ልጆቹም ያቅፉታል።

የእህትህ ትንሿ ልጅ ከመከታ አንገት አትወርድም። ሕፃን ቁንጫ ከዋጠ ይኸው ትል ይይዘዋል። ብዙ ጊዜ ክፉ ጉዳት የለውም፣ ግን ሰገራዋ ላይ ያንን ነጭ ነገር ካዩ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።

ሌላም አለ። ወንድምህ በበጋ ከብቱን ይዞ ወደ ብር ሸለቆ ሲወርድ መከታም ይከተለዋል። እዚያ ገንዲ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው ዝንብ አለ። ገንዲ የከብት ብቻ ይመስለናል፤ ውሻንም ይይዛል። ያተኩሰዋል፣ ያከሳዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ አንዳንዴ ዓይኑ ዳመና ይለብሳል። እንዲህ ካዩ ይጥሩኝ እንጂ ለበሬ የሚወጋውን የገንዲ መድኃኒት፣ ዲሚናዚንን፣ በግምት እንዳይወጉት። መጠኑ ትንሽ ካለፈ የውሻን አንጎል ይጎዳል።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በሬ ሲታመም አገር ይነሳል። ሌሊቱን ሙሉ ከጅብና ከሌባ የሚጠብቀን ሲታመም ግን «ውሻ አይደል» ተብሎ ይታለፋል። መከታ ያን ሁሉ ዓመት የእማማን ደጅ ጠብቋል፣ አንተ በሌለህበት።

ፕራዚኳንቴሉ እዚህ አልተገኘም። አዲስ አበባ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ገዝተህ በሚመጣ ሰው ላክልኝ። ለውሻ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው። መከታ 20 ኪሎ ቢመዝን ነው፣ ስለዚህ ለአንድ ጊዜ 100 ሚሊ ግራም ይበቃዋል። ምናልባት መድገም ቢያስፈልግ የሁለት ጊዜ አድርገው። የቁንጫውን ነገር ከወንድምህ ጋር ሆነን እንጨርሰዋለን፤ አንተ ብቻ ደውለህ ጆንያውን እንዲያቃጥል ንገረው፣ ከእኔ ይልቅ አንተን ይሰማል።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ያንተው ወንድም