ደመወዙን ስታዩ ወጪውንም እዩልን

ለአማራ ክልል ከተማና መሠረተ ልማት ቢሮ
ባሕር ዳር

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ጉዳዬ አንድ ነው፦ የመንግሥት ቤት ለመስጠት የቤተሰብ ገቢ ሲታይ፣ አካል ጉዳተኛ የሚያስታምም ቤተሰብ ወጪውም አብሮ ይታይለት።

መምህር ነኝ። ታናሽ እህቴ ስትወለድ አእምሮዋ ላይ ጉዳት ስለደረሰ አትራመድም፣ ብቻዋን አትጎርስም። እናታችን ጉሊት ትነግድ ነበር። እህቴ እያደገች ስትከብዳት ንግዱን ትታ ቤት ዋለች። ለሦስታችን ያለን የእኔ ደመወዝ ነው። የቀበሌ ቤት ስንጠይቅ ግን «ደመወዝተኛ አላችሁ፣ የድሃ ድሃ አይደላችሁም» ተባልን። ኮሚቴው የደመወዝ ማስረጃዬን አየ፣ በቃ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቷንና የሌሊቱን ዳይፐር ማን ይቁጠረው? ሐኪም ቤት በሄድን ቁጥር የምንኮናተረውን ባጃጅስ? እናቴ ደግሞ ቅጹ ላይ «መሥራት የምትችል» ተብላ ተሞልታለች። ስትሠራ ነው እኮ የምትውለው፤ የሚከፍላት የለም እንጂ።

የምንኖረው በኪራይ ነው። የበሩ ደፍ ከፍ ያለ ስለሆነ ዊልቸሩ አይገባም፤ ላስቲክ ለብሶ ደጅ ያድራል። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ግቢው ጥግ። እኔ ሥራ ላይ ስሆን እናቴ ናት አዝላ የምትወስዳት። እህቴ አሁን በቁመት ትበልጣታለች። በክረምት ያ ጭቃ ላይ ሁለቱም እንዳይወድቁ እሰጋለሁ። ደፉን ላስተካክል ብል ቤቱ የእኔ አይደለም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ይላል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 28 የመንግሥት ቤቶችን ይጠቅሳል። በድህነት ለሚኖሩ ቤተሰቦቻቸውም ከጉዳቱ ጋር ለተያያዘ ወጪ ድጋፍ ይገባል ይላል። አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ዕጣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ይዛ ታውቃለች። ጥሩ ነው። ግን የሚጠቅመው በስሙ ተመዝግቦ መቆጠብ ለቻለ ሰው ነው። እህቴ በምን ትቆጥብ?

ስለዚህ ለቀበሌ ኮሚቴዎች ግልጽ መመሪያ ጻፉልን። የሐኪም ማስረጃና የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ያቀረበ ቤተሰብ ያ ወጪ ከገቢው ላይ ይቀነስለት፤ ከገቢ ጣሪያው ጋር የሚነጻጸረው የተረፈው ይሁን። ለማስታመም ብሎ ሥራውን የተወ ሰውም መሥራት እየቻለ እንደተቀመጠ አይቆጠር። ቤቱ ሲሰጥም ዊልቸር የሚያስገባ፣ ምድር ላይ ያለ ይሁን።

ምላሻችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ