777 ጥገና አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው፣ ኮምፒውተር ጠግኜ ነው የማድረው። ስለ አዳዲስ ስልኮች ብዙ ታስነብቡናላችሁ፤ ስለ ፋይል ፈቃድ፣ ማለትም ፋይሉን ማን ያንብበው ማን ይለውጠው ስለሚለው፣ ግን አንድም ጊዜ አላየሁም።

ባለፈው ክረምት አንድ መሥሪያ ቤት ጠራኝ። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም የተጫነበት ሰርቨር፣ ሁሉም የሚጋሩት ዋና ኮምፒውተር፣ አላቸው። አንዱ ወጣት ሠራተኛ ፋይል ሊከፍት ሲል "ፐርሚሽን ዲናይድ" (ፈቃድ የለህም) ይለዋል። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ሱዱ ቸሞድ 777 የሚል ትዕዛዝ አገኘ (ሱዱ ትዕዛዙን በአድሚን ሥልጣን ያስኬዳል፣ ቸሞድ የፋይል ፈቃድ ይቀይራል፣ 777 ለሁሉም ሰው ሁሉንም ይፈቅዳል)፤ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከሚያዳርሰው ምልክት ጋር አድርጎ በሰርቨሩ ፋይሎች ሁሉ ላይ ለቀቀው። ፋይሉ ተከፈተለት። ትንሽ ቆይቶ ግን ሱዱ ራሱ እምቢ አለ፤ ምክንያቱም ሱዱ የሚሠራው ማንም ቢያስነሳው በሩት (ሁሉን በሚችለው ዋና አካውንት) ስም እንዲሄድ የሚያደርግ ልዩ ምልክት ፋይሉ ላይ ስላለ ነው፣ 777 ደግሞ ያንን ምልክት ጠርጎ አጠፋው። ከርቀት መግቢያውም የሰርቨሩ ምስጢራዊ ቁልፍ ፋይሎች ለሁሉም ክፍት መሆናቸውን ሲያይ አላስገባም አለ። በፍላሽ አስነስቼ መረጃውን ገለበጥኩና ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫንኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ልጁ አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ነበር። አብሽር አልኩት። ማን አስተማረውና!

ነገሩ እኮ ከባድ አይደለም። እኛ ቤት ጎረቤት ቡና ሲጠራ ሳሎን ይገባል፣ ጓዳ ግን አይገባም። ፋይልም እንደዚያው ነው። ባለቤቱን፣ ቡድኑንና ሌላውን ሰው ለይቶ ያውቃል። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ 7። 640 ከሆነ ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፣ ቡድኑ ያነባል ብቻ፣ ሌላው ምንም የለውም። 777 ሲሆን ጓዳውም ሳሎኑም ለመንገደኛ ሁሉ ተከፈተ ማለት ነው። ያ ልጅ የሚያስፈልገው ፋይሉን በሚያነበው ቡድን ውስጥ መግባት ብቻ ነበር። አንድ መስመር ትዕዛዝ!

የባሰው ደግሞ የአድሚኑ ፓስወርድ ነው። አምስት ሰው በአንድ አካውንት ይገባል፣ ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ ሞኒተሩ ጥግ ላይ ተለጥፏል። ሱዱ በየራስ ስምና ፓስወርድ ሲሠራበት ማን ምን እንዳዘዘ መዝግቦ ያስቀምጣል። እዚያ ግን መዝገቡ ላይ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፤ ልጁ በራሱ አፍ ባይነግረኝ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

እባካችሁ ይህን በአማርኛ ጻፉልን። እዚህ ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ወጣቶች ሊኑክስ እየነካኩ ነው፤ የሚያገኙት ማብራሪያ ግን እንግሊዝኛ ነው፣ ስለዚህ ትዕዛዙን ገልብጠው ምክንያቱን ይዘሉታል። ለመጀመሪያው ጽሑፍ ምሳሌ ካስፈለጋችሁ እኔ አዘጋጅቼ እልካለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ