እማዬ፣ በሌሊት ስለደወልኩልሽ

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ?

በስልክ ስናወራ ከቁጥር ወሬ አልወጣ አልን። "ዛሬ ስንት ነሽ?" እልሻለሁ። ትነግሪኛለሽ። ከዚያ ወይ እቆጣለሁ፣ ወይ እንደ አስተማሪ "ጎበዝ" እላለሁ። እንግዲህ ልጻፍልሽ። ስጽፍ ቢያንስ አታቋርጪኝም፤ እኔም አልጮህብሽም።

መጀመሪያ ለዚያ ሌሊት ይቅርታ። ክንድሽ ላይ ያለው የስኳር መለኪያ ሰንሰር ቁጥሩን ወደ እኔም ስልክ ይልካል አይደል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ብድግ ብዬ ሳየው ስኳርሽ 54 ይላል፤ በጣም ወርዷል ማለት ነው። ደወልኩ፣ አላነሳሽም። ደገምኩ፣ ዝም። በሦስተኛው "ማን ሞተ?" ብለሽ አነሳሽ። በግድ ጣትሽን ወግተሽ እንድትለኪ አደረግኩሽ። 112፣ ደህና ነሽ። "በል አሁን ተኛ" ብለሽ ዘጋሽብኝ። አንቺ ተኛሽ፣ እኔ ግን እስኪነጋ ጣራ ሳይ አደርኩ።

ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። ክንድሽ ላይ የተለጠፈችው ክብ ነገር ከሥሯ ፀጉር የምታክል ቀጭን ክር አላት። ክሯ ደም ሥር ውስጥ አትገባም። ስኳሩን የምትለካው ከቆዳ ሥር፣ በሴሎች መካከል ካለው ፈሳሽ ነው። በዚያ ክንድ ላይ ተጋድመሽ ስትተኚ ፈሳሹ እዚያ ቦታ ላይ እንደ ልብ አይዘዋወርም። ያኔ ስኳርሽ ሳይወርድ ቁጥሩ ይወርዳል። ስልኬ ላይ የዚያን ሌሊት የስኳርሽን መስመር መልሼ ሳየው ገደል እንደ ገባ ቁልቁል ወርዶ፣ ስልኩን ልታነሺ ስትገለበጪ ወዲያው ተመልሷል። አየሽ፣ ያዳንኩሽ ከራስሽ ክንድ ነው።

"ይሄ ውሸታም" የምትይው ነገርም አለ። ጣትሽ 160 ሲል ክንድሽ 135 ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ስኳር መጀመሪያ ደም ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ነው ወደዚያ ፈሳሽ የሚሻገረው። ስለዚህ ሰንሰሩ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ወሬ ዘግይቶ እንደሚደርሰው ሰው ቁጠሪው። ምንም ሳትበይ ተረጋግተሽ ስትቀመጪ ይቀራረባሉ፤ እንደበላሽ ወይም ከእግር ጉዞ እንደተመለስሽ ይለያያሉ። አዲስ በተለጠፈበት የመጀመሪያ ቀንም ትንሽ ይወዛገባል። ሰውነትሽ የሚነግርሽና ቁጥሩ ካልተስማሙ ጣትሽን እመኚ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

ባለፈው ወር መስመርሽ ለጥ ያለ ሜዳ ሆኖ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ "እንዲህ ነው እንጂ!" አልኩሽ። ከዚያ እህቴ ደውላ ነገረችኝ። ለካ እራት ትተሽ ነው። ለምን ብላ ብትጠይቅሽ "እሱ ያየኛል" አልሽ አሉ። እማዬ፣ ይቺን ነገር ስሰማ ምን እንደተሰማኝ አልነግርሽም። ለአንቺ ብዬ የገዛሁት ነገር እራትሽን አስቀማሽ።

ደግሞ ሳትበይ ኪኒንሽን መዋጥሽ ነው የባሰው። ከሁለቱ መድኃኒቶችሽ ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከመጠን በታች እምብዛም አያወርድም። ግሊቤንክላማይድ ግን ሌላ ነው። ቆሽትሽን እየገፋ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን ያስወጣል፤ በላሽ አልበላሽ አይጠይቅም። ዕድሜው ለገፋ ሰው ብዙ ሐኪሞች የማይመርጡትም ለዚህ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ የሌሊቱን መስመር ይዘን ሄደን "ይሄ መድኃኒት ይቀየርላት ወይ?" ብለን እንጠይቅ። እስከዚያ በራስሽ አታቋርጪ። እራትሽንም አትተዪ።

ከአንቺ ስፈልገው የነበረው ቁጥርም ልክ አልነበረም። ለአብዛኛው ሰው የሚመከረው ከቀኑ 70 በመቶው፣ ማለትም ወደ 17 ሰዓት፣ ከ70 እስከ 180 ባለው መካከል እንዲያሳልፍ ነው። እኔ ይህን አንብቤ ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ ልከትሽ ታገልኩ። በ2019 የተለያዩ አገሮች ባለሙያዎች ተሰብስበው የተስማሙበትን መመሪያ ግን ዝቅ ብዬ ሳነብ፣ በዕድሜ ለገፉና ስኳራቸው ቢወርድ ለሚጎዱ ሰዎች ከ50 በመቶ በላይ ከሆነ በቂ ነው ይላል። ጥብቅ የሚለው በሌላ በኩል ነው። ከ70 በታች የሚኖርሽ ጊዜ ከ1 በመቶ ማነስ አለበት። ይህ በቀን 15 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እኔ ከምሳ በኋላ 195 ስላየሁ ስጨቀጭቅሽ፣ የሚያስፈራው የስኳርሽ መውረድ ነበር። በሌሊት ስኳርሽ ወርዶ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄጂ ብትወድቂስ?

የጠዋቱን ነገርም ላንሳው፤ እዚያም በድያለሁ። ከእንቅልፍሽ ስትነቂ 150፣ 160 ሲያሳይ "በሌሊት ምን በላሽ?" እያልኩ ስመረምርሽ ነበር። ምንም አልበላሁም ብለሽ ማልሽ። አላመንኩሽም። እውነትሽን ነበር። ሊነጋጋ ሲል ሰውነት ለመንቃት ሆርሞኖች ያመነጫል፣ በዚያ ምክንያት ጉበት ያከማቸውን ስኳር ይለቃል። ጤነኛ ሰው ኢንሱሊን ጨምሮ ያስተካክለዋል፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን እንደዚያ አይሆንለትም። ሌባው ጉበትሽ ሆኖ ሳለ አንቺን ከሰስኩሽ።

እቃው ግን አይረባም እንዳትዪ። የሦስት ወሩ የደም ምርመራ የስኳርሽን አማካይ ብቻ ነው የሚነግርሽ። ቀኑን ሙሉ 150 አካባቢ የሚውል ሰውና ከ60 ወደ 240 ሲዘል የሚውል ሰው በዚያ ምርመራ አንድ ዓይነት ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ። ዝላዩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይሽ ይሄ ነው።

ደግሞ ከእኔ በላይ የተጠቀምሽበት አንቺ ነሽ። እህቴ የደብተርሽን ፎቶ ላከችልኝ። በእርሳስ ትንንሽ ጉብታ ሥለሽ፣ ከየጉብታው አጠገብ የበላሽውን ጽፈሻል። ዳቦ ብቻ፣ ትልቅ ጉብታ። መጀመሪያ አትክልትና እንቁላል፣ ከዚያ ያው ዳቦ፣ ትንሽ ጉብታ። አንዱ ላይ ደግሞ "ተራመድኩ" ብለሽ ጽፈሽ፣ የጉብታውን አናት በእርሳስሽ ጠፍጥፈሽዋል። ሳቄ መጣ። ግን ልክ ነሽ። ከምግብ በኋላ ስትራመጂ ጡንቻ ስኳሩን ይወስዳል፤ አትክልቱና እንቁላሉ ሲቀድሙ ደግሞ ስኳሩ ቀስ ብሎ ይገባል። ማንም ሳይነግርሽ ነው የደረስሽበት። ለሐኪሙ ከሌሊቱ መስመር ጋር ያንን ደብተርም ይዘን እንሂድ።

ጥቂት ነገር ልጨምርና ልተውሽ። አዲሱን ስትለጥፊ ክንድ ቀይሪ፣ ከቅባት ነገር የጸዳና የደረቀ ቆዳ ላይ ይሁን። ኤምአርአይ የሚባለው የማግኔት ምርመራ ከታዘዘልሽ ሰንሰር እንዳለሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። በለጠፍሽበት ጎን ካልተኛሽ ደግሞ ሁለታችንም እንተኛለን። ላብ ላብ ካለሽ፣ ከተንቀጠቀጥሽ ወይም ቁጥሩ በእውነት ከ70 በታች ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ጠጪ፤ ወደ 15 ግራም ስኳር ይሆናል። 15 ደቂቃ ጠብቂና በጣትሽ ለኪ። ሰንሰሩን እያየሽ "አሁንም አልወጣም" ብለሽ ጭማቂውን ከደጋገምሽ፣ ኋላ ስኳርሽ ጣራ ይነካል፤ እሱ ወሬ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው ብዬሻለሁ።

እኔ በበኩሌ ትናንት ማታ ስኳርሽ ከፍ ሲል የሚጮኸውን ደወል አጥፍቻለሁ። የዝቅተኛውን ብቻ ትቻለሁ፤ እሱን ፍቀጂልኝ፣ ያለሱ እንቅልፍ አይወስደኝም። ካልፈለግሽም እዚያው መተግበሪያው ውስጥ ስሜን ማጥፋት ትችያለሽ። እህቴ ታሳይሻለች። አልቀየምም። እሺ፣ ትንሽ እቀየማለሁ።

እሁድ እደውላለሁ። ስለ ጉልበትሽ ነው የምትነግሪኝ፣ የዚያን ቀን ጀምረሽው አቋረጥኩሽ። "ስንት ነሽ?" ካልኩ ስልኩን ዝጊብኝ።

ልጅሽ