ከመጪው ዘመን ለመጡትም መታወቂያ ይጠየቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ያወጣችሁትን ልብ ወለድ የማታ ተረኛ ሆኜ አነበብኩት። ከመጪው ዘመን የመጡ አስፈሪ ሰዎች ሐይቅ ዳር ያለ ሎጅ ውስጥ ሰው ሲያስሱ ያድራሉ። እኔም ወሎ፣ ሐይቅ ዳር፣ እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። ወድጄዋለሁ፤ ግን ጥቂት ቅሬታ አለኝ።

ሰዎቹ ማሽናቸውን ጥር 2010 ላይ ሞልተው መጡ። በማን አቆጣጠር? በፈረንጅ ከሆነ እኛ ጋ ገና 2002 ነው። ሰዓቱስ? ለፈረንጅ እንግዳ ጀልባ ለጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንይዝለታለን። እሱ ካሜራውን አንጠልጥሎ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወርዳል። ጀልባ ነጂው ያኔ ቤቱ ነው።

ደግሞ ጥበቃው ዝም ብሎ ያስገባቸዋል! የኛ ጋሼ ቢሆኑ መጀመሪያ መታወቂያ፣ ቀጥሎ "የማን ልጅ ናችሁ? አብሽሩ፣ ቡና ደርሷል" ነው የሚሏቸው።

ተፈላጊውም አልጋ ሥር ተደበቀ። እስጢፋኖስ ገዳም አጠገቡ እያለ! አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩበት ገዳም ነው፤ ሴት አትገባበትም። የአሳዳጆቹ አለቃ ደግሞ ሴት ናት።

ክፍል ሁለት ካለው ቶሎ አውጡት፤ ወጥ ቤት ያሉት ልጆች እየነዘነዙኝ ነው።

የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ፣ ከሐይቅ ከተማ