ፓስዎርዱ ማን ጋ ነው?

ለተቋማችን የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ዳይሬክተር
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀን መልስ ስላጣንለት የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ የምርምር ድጋፍ

ክቡር ዳይሬክተር፣

ይህ አራተኛው ደብዳቤ ነው። ለመጀመሪያው «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባልን፤ የሚመለከተው ክፍል የእርስዎ ነው። ለሁለተኛው «በሂደት ላይ ነው» ተባልን። ሦስተኛው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ወጣለት፤ ቁጥሩ እጃችን ላይ አለ፣ ደብዳቤው ግን ፋይሉ ውስጥ የለም አሉን። አራተኛውን እዚያው ከምናስቀምጠው አደባባይ ቢወጣ ይሻላል ብለናል። የተቋሙን ስም አልጻፍንም፤ ለማን እንደተጻፈ እርስዎ አያጡትም።

ነገሩን በአንዲት የማስተርስ ተማሪ እንጀምረው። ርዕሷ የመተማ ሰሊጥ ነበር፤ የምርት ገበያው ዋጋ ሲነሳ ገበሬው የሚያገኘው ዋጋ ምን ያህል ቆይቶ ይከተላል፣ ሲወድቅስ እንዲሁ ይዘገያል ወይ የሚል። ለዚህ ከተማ ከዚህ የቀረበ ርዕስ አናውቅም። የፈለገችው ሁለት ነገር ነው፦ ስሌቱን የሚያሳዩ ጥቂት የጆርናል ጽሑፎች፣ እና ከዓመታት በፊት እዚሁ ትምህርት ክፍል ስለ ሰሊጥ ገበያ የተሠራ አንድ ቴሲስ።

ጽሑፎቹን ጉግል ላይ አገኘቻቸው። አሳታሚዎች ለአንድ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዶላር ይጠይቃሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ብሩ ቢኖራት እንኳ የምትከፍልበት ካርድ የላትም። ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ሰሌዳው ላይ «ሪሰርች ፎር ላይፍ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ለታዳጊ አገር ተቋማት የጆርናሎችን በር የሚከፍተው ፕሮግራም ነው። ፓስዎርድ ስትጠይቅ «የያዘው ልጅ ለትምህርት ሄዷል» አሏት። መቼ ይመለሳል? «እንጃ፣ ሁለት ዓመት ነው መሰለኝ።»

ቴሲሱስ? ካታሎጉ ሦስት ቅጂ ይላል። አንዱ ጠፍቷል፣ አንዱን መምህር ወስዶ አልመለሰም፣ ሦስተኛው ተገንጥሎ ለጥረዛ ከሄደ ቆይቷል። ሲዲው ግን አለ። የስቶር ሠራተኛዋ ደግ ሰው ናቸው፤ ከካርቶን ውስጥ ፈልገው አወጡላት። በማርከር የተጻፈበት ስም ግማሹ ተፍቋል። ንባብ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች ግን አንዱም ሲዲ ማስገቢያ የለውም። ፒያሳ ወርዳ ፍላሽ ላይ ታስገልብጠው? ሲዲ ከግቢ አይወጣም፤ ደንብ ነው። ሲዲው ጠረጴዛው ላይ ጥቂት ተቀምጦ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ።

የዲፌንሷ ቀን ከውጭ የመጣው ፈታኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ሆነ፦ «በዚሁ ጉዳይ እዚሁ የተሠራ ሥራ አለ። አላየሽውም?» እሷም «አይቸዋለሁ» አለች፤ «አላነበብኩትም እንጂ።» አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከፍተኛ ማስተካከያ ተብሎ ምረቃዋ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። የዚያን ዓመት የቤት ኪራይ ቤተ መጻሕፍቱ ይከፍልላት ይሆን?

ደንቡን እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ቢሆንም አናውቅም ብለው እንዳይተማመኑ እንናገረው። በሪሰርች ፎር ላይፍ አመዳደብ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚያገኙት አገሮች ምድብ ናት። በ2018 እ.ኤ.አ. የሕግና የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ሲጨመርበት የእኛም ሙያ ገባበት ማለት ነው። ተቋሙ አንድ ጊዜ ይመዘገባል፣ መለያ ስምና ፓስዎርድ ይሰጠዋል፣ እሱን ለመምህራኑ፣ ለተማሪዎቹና ለሠራተኞቹ ያድላል። የተከለከለው ለውጭ ሰው መስጠትና በፕሮግራም ጅምላ ማውረድ ነው፤ አንድ ሰው እንዲያ ሲያደርግ ከተያዘ የሚዘጋው የመላው ተቋም በር ነው። ለገዛ ተማሪ መስጠት ግን አልተከለከለም፤ የተሰጠውም ለዚሁ ነው። የተመዘገበው ተጠሪ ሲቀየር ደግሞ አዲሱን ማሳወቅ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። አንድ ኢሜይል ነው።

ፓስዎርዱ ያላቸው ጥቂት መምህራንም «አይሠራም» ሲሉ ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ የሚገቡት በተሳሳተ በር ነው። ጉግል ላይ ጽሑፉን አግኝተው በቀጥታ የአሳታሚው ገጽ ላይ ሲሄዱ አሳታሚው ማን መሆናቸውን አያውቅም፣ ክፈሉ ይላል። መጀመሪያ የሪሰርች ፎር ላይፍን ገጽ ከፍቶ መግባት፣ ከዚያ ጆርናሉን በዚያው ውስጥ ፈልጎ መጫን፤ ያኔ አሳታሚው ከየት እንደመጡ ያያል። አንባቢውን በኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር በሚለዩት ዳታቤዞች ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ የግቢው መስመር ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል፣ አዲሱን ለአሳታሚው የሚያሳውቅ ሰው ከሌለ ግቢ ውስጥ ተቀምጠንም ባዕድ ነን። ይህን አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰሌዳው ላይ መለጠፍ ስንት ኮሚቴ ይፈልጋል? በዓመታዊ ሪፖርታችሁ «በሺህ የሚቆጠሩ ጆርናሎች ተደራሽ ተደርገዋል» የሚለውን አንብበናል። ላም አለኝ በሰማይ።

ፓስዎርድ የማይጠይቀውንም የሚነግረን የለም። የአሜሪካው ብሔራዊ የኢኮኖሚ ምርምር ቢሮ የሚያወጣቸው የሥራ ጽሑፎች፣ ማለትም በጆርናል ከመታተማቸው በፊት የሚሰራጩ ጥናቶች፣ ከታዳጊ አገር ለሚያነብ በነጻ ይከፈታሉ። ሬፔክ የተባለው የኢኮኖሚክስ ጽሑፎች ማውጫ ውስጥ የጆርናሉ ቅጂ ቢዘጋም፣ ያው ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በሥራ ጽሑፍነት የወጣበት ነጻ ቅጂ ብዙ ጊዜ ጎኑ ላይ ተሰክቶ ይገኛል። ጄስቶር የተባለው የጆርናሎች ማከማቻ በግል አካውንት በየ30 ቀኑ እስከ 100 ጽሑፍ ስክሪን ላይ ያስነብባል። ተማሪዋ ይህን የሚነግራት አንድ ሰው ብታገኝ ኖሮ ግማሹ ችግሯ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቅ ነበር።

ስለ ቴሲሶቹ ብዙ አንልም፤ ነገሩ ግልጽ ነው። የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር መስከረም 2012 ላይ ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር፣ ቴሲስና መረጃ ዲጂታል ማከማቻ ገብቶ ለሁሉም ክፍት ይሁን ይላል። ማከማቻውን የሚሠራው ዲስፔስ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ በነጻ ይገኛል። ተመራቂው ክሊራንስ ላይ የሚያስፈርመው ሲዲውን አስረክቦ ነው፤ ማለትም ፋይሉ እጃችሁ ገብቷል። የቀረው በ600 ብር ወይም በ6,000 ብር የሚገዛ አንድ ውጫዊ የሲዲ ማንበቢያ ነው፤ ዋጋውን እናንተ አጣሩ፣ እኛ አዋጥተን እንገዛለን። ቶሎ ቢሆን ግን ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ የተጻፈ ሲዲ ሙቀትና አቧራ ላይ ሲቆይ ይበላሻል፤ ከካርቶኑ ውስጥ ስንቱ አሁንም እንደሚከፈት የሞከረ ሰው የለም።

ከሁሉ የሚቆጨን የመረጃው ነገር ነው። ሌላ ትምህርት ክፍል መጽሐፍ ካገኘ ይበቃው ይሆናል፤ የእኛ ተማሪ የሚወድቀው ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩን የሚያውቅ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ቢኖር የሚቀሩ ስህተቶች በየዓመቱ ይደጋገማሉ።

ለምሳሌ ዓመቱ። የ2010 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2009 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2010 ነው፤ በፈረንጅ ሲቆጠር ሐምሌ 2017 ጀምሮ ሐምሌ 7 ቀን 2018 ያበቃል። ብሔራዊ ባንክ 2017/18 ብሎ ይጽፈዋል። የዓለም ባንክ ሰንጠረዥ ደግሞ የበጀት ዓመቱ ከፈረንጁ ሰኔ መጨረሻ በፊት የሚያልቅ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከዚያ በኋላ የሚያልቅ ከሆነ በሁለተኛው ዓመት ይመዘግባል፤ የእኛ በሳምንት ስለሚያልፍ 2018 ላይ ይገባል። ተማሪው 2010 ላይ 7 ደምሮ 2017 ይላል። የዕድገቱ ቁጥር ከወለድ ተመኑ ቁጥር በአንድ ዓመት ተዛንፎ ይቀመጣል፣ ሶፍትዌሩም ሳያጉረመርም ውጤት ያወጣል። የዋጋ ግሽበቱን ከጥር እስከ ታኅሣሥ በፈረንጅ አማካይ ከወሰደው ሌላ ግማሽ ዓመት ይዛነፋል። እዚህ ላይ ግሽበቱ የሚለካበት የዋጋ ማውጫ መነሻ ከታኅሣሥ 2011 ወደ ታኅሣሥ 2016 እ.ኤ.አ. መቀየሩን፣ ሁለቱን ሳያገናኙ ደርድሮ መቀጠል እንደማይቻል የሚነግረው የለም።

ባንኮች ላይ የሚሠራው የፋይናንስ ተማሪ ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ይጠብቀዋል። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ባንኮች ከ2010 በጀት ዓመት ጀምሮ ሒሳባቸውን በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ አዘጋጁ። ለማነጻጸሪያ የ2009ን ሒሳብም በአዲሱ አሠራር እንደገና ሠሩት። ስለዚህ የአንድ ባንክ የ2009 ቁጥር ሁለት ነው፦ በ2009 ሪፖርት አንድ፣ በ2010 ሪፖርት ሌላ። ለአጠራጣሪ ብድር የሚያዘው መጠባበቂያ ራሱ የሚሰላበት መንገድ ተቀይሯል። ከ2005 እስከ 2015 ያለውን ሰብስቦ አንድ ላይ የሚያሰላ ተማሪ ማየት የፈለገው የባንኩን ትርፋማነት ነው፤ የለካው ግን የሒሳብ አያያዝ ለውጥን ሊሆን ይችላል። የካፒታል ገበያ ዋጋን ልጠቀም እንዳይል የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው ጥር 2017 ነው፤ ረጅም የአክሲዮን ዋጋ ታሪክ የለውም። ስለዚህ የታተሙት የባንክ ዓመታዊ ሪፖርቶች ወርቅ ናቸው። የባንኮቹ ድረ ገጽ ላይ የሚቆየው ብዙ ጊዜ የቅርብ ዓመታቱ ነው፤ የቀድሞው ወረቀት ላይ ነው ያለው። ቤተ መጻሕፍቱ ይሰበስባቸዋል? የወቅታዊ ጽሑፎች መደርደሪያውን ስናየው ሁለት የስፖርት ጋዜጣና አንድ የዓምና አጀንዳ አለ።

የቤተሰብ ጥናት ላይ የሚሠሩትም አልተረፉም። የኢትዮጵያ ማኅበረ ኢኮኖሚ ጥናት መረጃ ከዓለም ባንክ የማይክሮዳታ ገጽ ተመዝግቦ፣ ለምን እንደፈለጉት ጽፎ በነጻ ይወርዳል። በ2011/12፣ በ2013/14 እና በ2015/16 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ሦስቱ ዙሮች አንድን ቤተሰብ ይከተላሉ፤ የመጀመሪያው ግን ገጠርንና ትንንሽ ከተሞችን ብቻ ነው የያዘው። የ2018/19ኙ አዲስ ናሙና ነው፣ የ2021/22ቱ እሱን ይከተላል። አምስቱንም በቤተሰብ መለያ ቁጥር አገጣጥሞ «የአሥር ዓመት ክትትል» የሚል ቴሲስ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ሲያጋጥመን የምንገባበትን እናጣለን። ፋይሎቹ ከባድ ናቸው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በቆየ ጊዜ ምን እንደሆንን ያውቃሉ። ሁሉም በነጻ የሚሰጥ መረጃ አንድ ጊዜ ወርዶ፣ ከነማብራሪያ ሰነዱ ግቢው ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥ፣ ተማሪ መስመር ኖረ አልኖረ በፍላሽ ይወስዳል። የአጠቃቀም ስምምነቱ ለሌላ ማስተላለፍን የሚከለክል ሲሆን ደግሞ ተማሪው በራሱ ስም እንዲመዘገብ ማገዝ ይቻላል።

ስለ ሶፍትዌር አንድ ነገር ብቻ። ንባብ ክፍሉ ውስጥ ያለው ስታታ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ከገበያ የተገለበጠ ነው፤ ቫይረሱም አብሮ መጥቷል። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት አር እና ግሬትል በነጻ ይወርዳሉ፣ ለማስተርስ ሥራ ይበቃሉ።

ይህን ሳንጨርስ የኅትመቱ ገንዘብ አለ። ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆኑ ጆርናሎችን የሚያሳትሙ ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ከእኛ ምድብ አገሮች ለሚመጣ ጸሐፊ የኅትመት ክፍያውን ጨርሰው ያነሳሉ። ከፊሉ ክፍት ከፊሉ ዝግ የሆነ ጆርናል ግን በአብዛኛው በዚህ አይጠቃለልም። ምሕረቱ የሚጠየቀው ጽሑፉ ሲላክ ነው፤ ተቀባይነት አግኝቶ ደረሰኝ ከመጣ በኋላ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ እንቢ ይላሉ። ይህን ባለማወቅ ከደመወዙ የከፈለ መምህር አለ። ይህን ባለማወቅ ርካሽ ነው ብሎ በሳምንት «ገምግሞ» ለሚያትም አጭበርባሪ ጆርናል ብር የላከም አለ፤ ያ ኅትመት በደረጃ ዕድገት ጊዜ ተቆጥሮለት አያውቅም።

የጠየቅነው ሕንጻ አይደለም። ቁጥር የሚያውቅ፣ ለቢዝነስና ኢኮኖሚክስ የተመደበ፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ የሚገኝ አንድ ባለሙያ፤ ቴሲሶቹን ከካርቶን የሚያወጣ አንድ ማንበቢያ፤ እና ፓስዎርዱ። በሦስቱም ደብዳቤ የጻፍነው ይህንኑ ነው። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ መረጃ እንጠይቃለን፦ ተቋሙ በሪሰርች ፎር ላይፍ የተመዘገበው በማን ተጠሪነት ነው? ፓስዎርዱ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረው መቼ ነው? ዛሬ ማን ጋ ነው?

የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ መምህራንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች
ጎንደር

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት፤ ሦስቱ ደብዳቤዎች ሲገኙ ከዚህኛው ጋር እንዲያያዙልን።